የሰማህ ላልሰማ ሼር አድርግ

"መሪዎቻችን ፌስቡክ ላይ በዙ፤ በፖስት ነው የሚያስተዳድሩን" እያለ የሚያማርር ሰው ሲገጥመኝ እናደዳለሁ። ምን ጎደለብህ ወንድሜ? አያቶቻችን አዋጅ ለመስማት ገበያ ድረስ በእግራቸው ይሄዱ ነበር። ነጋሪቱ ይጎሰማል። አዋጅ ነጋሪው "ስማ! ስማ! ያልሰማህ ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!" ይላል። ገበሬው በርበሬውን ይሸጥና አዋጁን በቃሉ ይዞ ዳገቱን ይወጣል። እኛ ግን ዛሬ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆነን፣ በአንድ አውራ ጣት፣ ሦስት ሚኒስቴርና ሁለት ክልል እናዳርሳለን። "የሰማህ ላልሰማ አሰማ" የሚለው እንኳ አንዲት ትንሽ ቁልፍ ሆኖልናል። ሼር።

ነጋሪት ጋዜጣ የሚባል ነገር እንዳለ አውቃለሁ። ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ ሕግ ሲታተምበት ኖሯል፤ ስሙንም ያገኘው ከዚያው ከነጋሪቱ ነው። ግን ማን ያነበዋል? ፎቶ የለው፣ ላይክ የለው፣ የጀርባ ሙዚቃ የለው። አንቀጽ፣ ንዑስ አንቀጽ፣ ደግሞ አንቀጽ። አገር እንዲህ በደረቁ አይመራም።

ይህን ሌላውም ዓለም ገብቶታል። ሬክስ ቲለርሰን የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሉ አፍሪካን ሊጎበኙ መጡ፤ አዲስ አበባም ደርሰው ነበር። አገራቸው በተመለሱበት ዕለት ጠዋት፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 13 ቀን 2018፣ ፕሬዚዳንት ትራምፕ በትዊተር አሰናበቷቸው። ደብዳቤ የለ፣ ማኅተም የለ፣ "እስቲ ቢሮ ብቅ በል" የለ። ሚኒስትሩ ከፕሬዚዳንቱ ጋር አልተነጋገሩም፣ ምክንያቱንም አያውቁም ብሎ መሥሪያ ቤታቸው ተናገረ። ይህን የተናገሩት ኃላፊም በዚያው ቀን ተሰናበቱ። እኛ ጋ ቢሆን ይህ ጉዳይ ስንት ኮሚቴ ይበላ ነበር!

እኚሁ ትራምፕ እ.ኤ.አ. በ2017 አንድ ሌሊት "ኮቭፌፌ" የሚል ቃል ጻፉ። መዝገበ ቃላት አያውቀውም። ጋዜጠኞች ሲጠይቁ፣ ቃል አቀባያቸው ፕሬዚዳንቱና ጥቂት ሰዎች ትርጉሙን በደንብ ያውቁታል አሉ። ጎንጅ ብንወርድ፣ ዋሸራ ሰባት ዓመት ብንቀመጥ እንዲህ ያለ ቅኔ አናገኝም። ሰሙ ለሕዝብ፣ ወርቁ ለጥቂቶች።

የኤል ሳልቫዶሩ ናዪብ ቡኬሌ ደግሞ በሰኔ 2019 ሥልጣን በያዙ በቀናት ውስጥ "ይታዘዛል" እያሉ በትዊተር ሰው ማባረር ጀመሩ። ሚኒስትሮቹ ከሥር "ወዲያውኑ ይፈጸማል፣ ክቡር ፕሬዚዳንት" እያሉ ይመልሱ ነበር። በዚያው ዓመት የተባበሩት መንግሥታት መድረክ ላይ ወጥተው፣ ንግግራቸውን ሊጀምሩ ሲሉ፣ ስልካቸውን አውጥተው ሰልፊ ተነሡ። በ2021 ገጻቸው ላይ ራሳቸውን "የዓለማችን አሪፉ አምባገነን" ብለው አስተዋወቁ። እኔ ቅንነታቸውን ወድጄዋለሁ። ሌላው ከሁለቱ ቃላት አንዱን ይደብቃል።

ኡጋንዳ ጋ ብንሄድ ጄኔራል ሙሁዚ ካይኔሩጋባን እናገኛለን። የፕሬዚዳንት ሙሴቬኒ ልጅ ናቸው። በጥቅምት 2022 "እኔና ሠራዊቴ ናይሮቢን ለመያዝ ሁለት ሳምንት አይፈጅብንም" የሚል ትዊት ለቀቁ። በዚያው ሰሞን ለጣሊያኗ ጆርጂያ ሜሎኒ 100 የንኮሬ ላም እሰጣለሁ አሉ። ሽማግሌ አልተላከ፣ ዘመድ አልተጠየቀ፤ ጥሎሹም ጦርነቱም በአንድ ገጽ። አባት ኬንያን ይቅርታ ጠየቁ። ልጁን ከምድር ጦር አዛዥነት አነሱና ሙሉ ጄኔራል አደረጓቸው። ትዊት ያሾማል እንጂ አያሳስርም ማለት ነው። ለእነሱ።

ይሁን እንጂ የእኛዎቹን የሚያህል የለም። የውጮቹ ቃል ይጽፋሉ፤ የእኛዎቹ ፎቶ ይነሣሉ። ፎቶ ደግሞ ክርክር የለውም።

አንድ ደንበኛ የባለሥልጣን ፖስት አራት ፎቶ አለው። ዋናው የጣቱ ነው። ኃላፊው እጃቸውን ዘርግተው ወደ ሩቅ ይጠቁማሉ። ዙሪያቸውን የከበቡት ሰባት ስምንት ሰዎች ጣቱን ተከትለው ያያሉ። አንዱ ማስታወሻ ደብተር ይዟል፤ ይጽፋል። ሁሉም የደኅንነት ቆብ አድርገዋል፤ ቆቡ አዲስ ነው፣ ላስቲኩ እንኳ በቅጡ አልተላጠም። ጣቱ ወደ ምን እንደሚጠቁም ግን ፎቶው አያሳይም። ነገሩ እንቅልፍ ስለነሳኝ አንድ ሌሊት ስምንት ፎቶ ዙም አድርጌ ፈለግሁ። በሁለቱ ክሬን አገኘሁ። በአንዱ ሌላ ባለሥልጣን። በአምስቱ ሰማይ ነው።

ከፎቶው በላይ ያለው ጽሑፍም የራሱ ዜማ አለው። ጎበኙ። ገመገሙ። አቅጣጫ አስቀመጡ። እኔ ከሁሉም የምወዳት አቅጣጫን ነው። በዚህ አገር ያልተቀመጠ አቅጣጫ የለም። ችግሯ አንዴ ከተቀመጠች አትነሣም እንጂ።

ድሮ "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" ይባል ነበር። ይህ ተረት አሁን መታረም አለበት። ላሟም ወተቷም በጥራት ይታያሉ። ከላይ በድሮን፣ ከጎን በካሜራ፣ ከበስተጀርባ በገና እየተደረደረ።

ቁጥር ላይማ አትምጡብን። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. ችግኝ ተከልን። ማታውኑ የኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስትሩ በትዊተር ውጤቱን ነገሩን፤ 353 ሚሊዮን 633 ሺህ 660። "ወደ 350 ሚሊዮን ገደማ" አላሉም። እስከ መጨረሻዋ ስድሳኛ ችግኝ ነው የተቆጠረው፣ ያውም በአንድ ቀን፣ ያውም በክረምት። በዚህ አገር ሰው ለመጨረሻ ጊዜ የተቆጠረው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ቆጠራው ሲራዘም ሲራዘም ኖሯል። በበኩሌ አልተከፋሁም። ሰው ይንቀሳቀሳል፤ ለመቁጠር አይመችም።

ምርጫ ሲቃረብ ደግሞ ሌላ ዓይነት ፎቶ ይመጣል። እጩው ጉልት ላይ ቁጢጥ ብሎ ቲማቲም ይመርጣል። ከምርጫ በኋላ ቲማቲም ሲገዛ ያየው የለም፤ ወይም ያን ጊዜ የገዛው እስካሁን አላለቀም።

በ2015 ዓ.ም. የሆነውን ግን ታሪክ ይመዝግበው። ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገድበው ነበር። አምስት ወር። በዚያ አምስት ወር ውስጥ የመንግሥት ገጾች ፌስቡክ ላይ መለጠፋቸውን አላቋረጡም። ጎበኙ፣ ገመገሙ፣ አቅጣጫ አስቀመጡ። በር ቆልፎ ከውስጥ "ግቡ፣ ቤት ለእንግዳ" ማለት ይህ ነው። ሕዝቡም አላሳፈራቸውም፤ በቪፒኤን በመስኮት ገብቶ ላይክ አደረገ። ናይጄሪያ ብቻ ናት ትንሽ የምትቀርበን። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2021 ትዊተር የፕሬዚዳንት ቡሃሪን ጽሑፍ ባጠፋ በሁለተኛው ቀን መንግሥት ትዊተርን አገደ። እገዳው የተነገረው የት መሰላችሁ? በማስታወቂያ ሚኒስቴሩ የትዊተር ገጽ።

ሕግም አለን፤ እንዳይመስላችሁ። በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 መሠረት ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨ ሰው ቅጣቱ ይከብድበታል፤ እስከ ሦስት ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር። እኔ ያሉኝ ተከታዮች 612 ናቸው፣ ግማሾቹ ዘመዶቼ፤ ስለዚህ ቀለል ባለው በኩል ነኝ። የባለሥልጣን ፖስት ግን ሐሰት ሊሆን አይችልም። "ጎበኙ" ይላል፤ ጎብኝተዋል። ውሃው ይፈስሳል አላለም።

አቤቱታ ማቅረብም እንዴት ቀለለ! በጃንሆይ ጊዜ ሰው መንገድ ዳር ቆሞ፣ ማመልከቻውን ከፍ አድርጎ ይዞ፣ መኪናቸው እስኪያልፍ ይጠብቅ ነበር። ዝናብም ፀሐይም አለ። አሁን ኮሜንት ነው። ገጹ ኮሜንት ከፍቶ ከሆነ ማለቴ ነው። ከፍቶም ከሆነ ከላይ "በርቱ ክቡርነትዎ፣ እድሜ ይስጥልን" የሚሉ አንድ ዓይነት ጽሑፍ የሚጽፉ አርባ ሰዎች አሉ፤ ከእነሱ ሥር ወረድ ብሎ ማመልከት ነው። የኬንያው ፕሬዚዳንት ሩቶ ይህን ባለማወቃቸው ተጎዱ። የግብር ረቂቅ ሕጉ ወጣቱን አደባባይ ካወጣ በኋላ፣ በሐምሌ 2024፣ ኤክስ (የቀድሞው ትዊተር) ላይ የድምፅ መድረክ ከፍተው ከወጣቶች ጋር ቁጭ አሉ። ወጣቶቹም ጠየቋቸው፤ ያውም ፊት ለፊት! ምን ዓይነት አማካሪ ነው ሕዝብ እንዲናገር የሚፈቅድ?

እኔ ራሴ የዚህ አስተዳደር ተጠቃሚ ነኝ። ሰፈራችን ውሃ በሳምንት አንድ ሌሊት ይመጣ ነበር። ከዚያ ሌሊቱም ቀረ። የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሄጄ አራት ጊዜ "ኃላፊው ስብሰባ ናቸው" ተብያለሁ። በአምስተኛው ትቼ ገጻቸው ላይ ኮሜንት ጻፍኩ። በሦስት ደቂቃ መልስ መጣ። በሦስት ደቂቃ! "ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን። መረጃውን ለሚመለከተው አካል አስተላልፈናል።" የሚመለከተው አካል እናንተው አይደላችሁም ወይ ብዬ ልጽፍ ነበር። ነውር ነው ብዬ ተውኩት።

በሳምንቱ ሦስት መኪና መጣ። ሁለት ካሜራ፣ አንድ ድሮን፣ አንድ የቧንቧ ሠራተኛ። ሠራተኛው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ አንድ ነገር ጠመዘዘ። የሰፈሩ ቦኖ አስነጠሰ፣ ሳለ፣ ቡናማ ተፋ፣ ከዚያ ጠራ። ሕፃናት ጮኹ። ኃላፊው መጡ። ጣታቸውን ወደ ቦኖው ዘረጉ። (ለመጀመሪያ ጊዜ ጣቱ የጠቆመበትን በዓይኔ በብረቱ አየሁ።) ጎረቤቴን እማማን ከነቢጫ ጀሪካናቸው ከፊት አቆሟቸው። "እማማ፣ ትንሽ ፈገግ ይበሉ" አሏቸው። እማማ ጥርስ ባይኖራቸውም ሳቃቸው ያምራል።

ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ተፖሰተ። "የነዋሪዎች የዘመናት ጥያቄ ምላሽ አገኘ።" አራት ፎቶ። በአንዱ ጥግ የእኔ ክርን ትታያለች። አንድ ሺህ ላይክ ሳይሞላ፣ አራት ሰዓት ገደማ፣ ቦኖው ደረቀ።

በማግስቱ እማማ ባዶ ጀሪካናቸውን ይዘው በራችን ላይ አገኘኋቸው።

"ልጄ ከቤይሩት ደወለች" አሉኝ። "ፎቶውን አይታው እልል ነው የምትለው። 'እማዬ፣ ውሃ መጣልሽ አይደል?' አለችኝ።"

"ምን አሏት ታዲያ?"

"አዎ አልኳት። ምን ልበላት ልጄ? ፎቶው ላይ የምስቀው እኔው ነኝ።"