ብቻዬን የፈታሁት ጎማ

በስልኬ ያየሁት ሰውዬ የባጃጁን የኋላ ጎማ የቀየረው ብቻውን ነው። ቋንቋው አልገባኝም፤ እጁ ግን ይናገር ነበር። ፈታ፣ አወጣ፣ አዲሱን ገጠመ፣ አሽከርክሮ ሚዛኑን አየ፣ እጁን በጨርቅ ጠርጎ ፈገግ አለ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው 11 ደቂቃ። ሁለት ጊዜ ደግሜ ካየሁት በኋላ ከጎማው ይልቅ ሰውዬው አሳዘነኝ። ጎረቤት የለውም? በ11 ደቂቃ ውስጥ አንድ መንገደኛ እንኳ ቆም ብሎ «ምን ገጠመህ?» አላለውም። ከሰፈሩ ሰው ጋር ምን ቢጣላ ነው?

ደሴ ላይ እንዲህ ያለ ብቸኝነት አይታሰብም። እዚህ ሰው ግቢው ውስጥ ቢያስነጥስ ከግራ ቤት «ይማርህ»፣ ከቀኝ ቤት «የርሐሙከላህ» ይባላል፤ ለሁለቱም አሜን ሳይሉ ወደ ቤት መግባት ነውር ነው።

ባጃጁን የገዛሁት ከደመወዜ እየቆጠብሁ፣ የጎደለውን በባለቤቴ ዕቁብ ሞልቼ ነው። በሥራ ቀን አንድ ወጣት ይነዳዋል፤ እኔ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ከጥቂት ሳምንታት በፊት ልጁ «መምህር፣ ባጃጁ ይንቀጠቀጣል» አለኝ። ምኑ እንደሆነ ስጠይቀው «መቀመጫው» አለ። መሪው ቢሆን ኖሮ የፊት ጎማውን እጠረጥር ነበር። የፊት ጎማ ሕመሙን የሚናገረው ለነጂው እጅ ነው፤ የኋላው ግን ለተሳፋሪው መቀመጫ ነው የሚነግረው። ከሰኞ ገበያ ዕንቁላል ገዝተው የተሳፈሩ አንዲት እናት «ልጄ፣ ባጃጅህ እስክስታ መምታቱን ይምታ፤ ዕንቁላሌን ግን አያስጨፍርብኝ» እንዳሉትም ነገረኝ። ጎንበስ ብዬ ሳይ የቀኙ የኋላ ጎማ ጥርሱ አልቆ እንደ እኔ አናት ለስልሷል፤ ያውም ልክ እንደ እኔ በአንድ በኩል ብሶ።

ጎሚስታው ጎረቤቴ ነው። «አምጣው፣ እቀይርልሃለሁ» አለኝ። «ባላንስስ? የጎማው ሚዛንስ?» ብለው ሳቀ። በክፋት አልነበረም፤ በጉን ልብስ ሊያሰፋለት ልብስ ሰፊ ቤት የመጣ ሰው ያየ ያህል ነው የሳቀው። «የባጃጅ ጎማ ባላንስ የሚያስደርግ አይቼ አላውቅም። ጎማው ትንሽ ነው፤ አካሄዱ ዝግ ያለ ነው፤ ማሽኑም የተሠራው ለመኪና ነው።» እውነቱን ነው። ነገር ግን የፊዚክስ መምህርን «አያስፈልግም» ማለት ፍየልን «ቅጠሉን አትንኪ» እንደማለት ነው። ያን ሌሊት ወረቀት አወጣሁ። 4.00-8 የሚል የተጻፈበት ጎማ ወርዱ 4 ኢንች፣ ቸርኬው 8 ኢንች ነው። አንዴ ሲዞር 1.3 ሜትር ገደማ ይሄዳል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲነዳ በሰከንድ ከ8 ጊዜ በላይ ይዞራል ማለት ነው። ከመሐሉ 15 ሴንቲ ሜትር ርቆ በአንድ በኩል የ20 ግራም ብልጫ ቢኖርበት፣ ኪሎ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ሽንኩርት በሰከንድ ስምንት ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች እንደመጎተት ነው። ባለቤቴን ቀስቅሼ ነገርኋት። «ሽንኩርቱን ነገ ግዛው» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

በማግስቱ ለጎሚስታው «ራሴ እሠራዋለሁ» አልሁት። «ጥሩ ነው» አለ። ወሎዬ ነውና ከዚህ በላይ አልተናገረም።

እሁድ ጠዋት አዲስ ጎማና ነፋሱን ውስጡ የሚይዝ አዲስ ካላማዳሪያ ይዤ ወጣሁ። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር ያለች ከተማ ናት፤ ብርቱካን ከእጅ ካመለጠ የሚገኘው ቦርከና ወንዝ ውስጥ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ መፍታት ሳይሆን ማስቆም ነው። የእጅ ፍሬኑን ያዝሁ፣ የፊት ጎማው ሥር ድንጋይ ወሸቅሁ። ዳዶዎቹንም ባጃጁ ገና መሬት እንደረገጠ ላላ አደረግኋቸው፤ ከተነሣ በኋላ ጎማው አብሮ እየዞረ መፍቻውን ያታልላልና። እስከዚህ ድረስ ብቻዬን ነበርሁ። አራት ደቂቃ።

ሐጂ ከሱቃቸው በራፍ ብቅ አሉ። «ምነው መምህር፣ ደኅና አይደለህም?»

«ደኅና ነኝ ሐጂ። ጎማ ልቀይር ነው።»

«ብቻህን?» አሉ፤ ድምፃቸው ለቅሶ ቤት እንዳልደረሰ ሰው ወሬ የሰሙ ያስመስላቸዋል። ድንጋዬን አይተው ናቁትና ሌላ ተለቅ ያለ አንከባልለው አመጡ። ከዚያም የሚወልቀውን ጎማ፣ ሐብሐብ እንደሚመርጥ ሰው፣ በጫማቸው ጫፍ መታ መታ አደረጉት። «ነፋሱ አንሷል» ሲሉ ፈረዱ። ጎማው እኮ ሊጣል ነው፤ ግን ለማን ይነገራል? ከእሳቸው በኋላ የመጣ ሁሉ አንድ ሳይቀር ይህንኑ አደረገ። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ነጠላ የለበሱ አባት መቱት። ወደ ኳስ የሚሄዱ ልጆች መቱት። ዳቦ ልትገዛ የተላከች የሰባት ዓመት ልጅ መታችውና «በዝቷል» ብላ ሄደች። ከረፋዱ በፊት ሰፈሩ «አንሷል» እና «በዝቷል» በሚሉ ሁለት ወገኖች ተከፍሎ ነበር፤ መካከለኛ የሚባል ሐሳብ ያለው አላገኘሁም።

ክሪክ ልዋስ ስነሣ ተቆጡኝ። «ሰው እያለ ክሪክ?» አምስት ሆነው ባጃጁን በቀኝ ጎኑ ብድግ አደረጉት። ክሪክ ዝም ብሎ ይሸከማል፤ ሰው ግን ተሸክሞም ያወራል። ስለ ጤፍ ዋጋ ጨዋታ ተነሣ። ችግሩ ወሎዬ ሲያወራ እጁ አብሮት ማውራቱ ነው፤ አንዱ ነጥቡን በእጁ ሊያስረዳ በፈለገ ቁጥር ባጃጁ ወደ እኔ ዘንበል ይላል። ቶሎ ብዬ ብሎኬት ሥሩ ከተትሁና ጎማውን አወጣሁ።

እዚህ ላይ ጋሼ ደረሱ። ጋሼ በወጣትነታቸው ኤን ትሬ የጭነት መኪና ይዘው ሐረጎን ወርደው፣ ኮምቦልቻን፣ ባቲንና ሚሌን አልፈው እስከ አሰብ የተመላለሱ ሰው ናቸው። ባጃጅን እንደ ተሽከርካሪ አይቆጥሩትም፤ «ያ ጋሪ» ነው የሚሉት። የባጃጅ ቸርኬ አንድ ወጥ አይደለም፤ ሁለት ግማሽ ሳህን ፊት ለፊት ገጥሞ በቡሎን የታሰረ ነው። ጎማውን ከእግሩ ላይ የሚያወጡት ዳዶዎች ሌላ፣ ሁለቱን ግማሽ አጣብቀው የያዙት ሌላ ናቸው። መፍቻዬን ከሁለተኞቹ ባንዱ ላይ ሳሳርፍ ጋሼ «ቁም!» ብለው ጮኹ። የጤፉ ክርክር እንኳ ጸጥ አለ።

«ነፋሱን አስተንፍሰሃል?»

አላስተነፈስሁም። በተነፋ ካላማዳሪያ ላይ እነዚያን ዳዶዎች ብትፈታ፣ የታፈነው ነፋስ ሁለቱን ብረት ፊትህ ላይ ይወረውራቸዋል። ጋሼ በአሰብ መንገድ የጭነት መኪና የቸርኬ ቀለበት ተስፈንጥሮ ሰው ሲጥል እንዳዩ ነገሩን፤ ሲነግሩን ዓይናቸው እዚያው በረሃ ነበር። የቫልቩን እንብርት አውጥቼ ትንፋሹ እስኪያልቅ ጠበቅሁ። በዚያን ቀን ወደ ሠላሳ የሚጠጋ ምክር ተሰጥቶኛል፤ ፊቴን ያተረፈልኝ ይህ አንዱ ነው። ሃያ ዘጠኙ ያው ስለ ነፋስ ነበሩ።

ሥራው መሐል ሳለን ሐጂ አንድ ጥያቄ አመጡ። «ይህ ሁሉ ቃል የማን ቋንቋ ነው?» ጎማ፣ ቸርኬ፣ ካላማዳሪያ፣ ዳዶ፣ ቡሎን፣ ክሪክ፣ ራሱ ጎሚስታ፤ ሁሉም የጣሊያን ነው። ጣሊያን በሚያዝያ 1928 ደሴ ገባ፣ በ1933 ተባርሮ ወጣ፤ ሲወጣ ግን የመሣሪያ ሳጥኑን የዘጋው አይመስልም። ዛሬ ህንድ የሠራውን ባጃጅ በጣሊያንኛ እየፈታን በአማርኛ እንጣላበታለን። ሐጂ ይህን ሰምተው «ታዲያ በአማርኛ የቀረን ምኑ ነው?» አሉ። ጋሼ መለሱ፦ «ነፋሱ።»

አዲሱን ካላማዳሪያ ደረቅ ጎማ ውስጥ እንዲሁ መክተት አይመከርም፤ እየተፋተገ ይበላል። ፓውደር ይነሰነስበታል። እትዬ ይህን ሲሰሙ ቡናቸውን ትተው ገቡና የልጅ ልጃቸውን ፓውደር ይዘው መጡ። ካላማዳሪያውን ጥቂት ነፋሁት፤ ቅርጽ ካልያዘ ሁለቱ ግማሽ ቸርኬ መሐል ተቆንጥጦ ይቀደዳል። ጎማው ጎን ላይ ያለችውን ቢጫ ነጥብ ከቫልቩ ጋር አገጣጠምኋት። ነጥቧ የጎማው ቀላል ወገን የቱ ጋር እንደሆነ ታመለክታለች፤ ቫልቩ ደግሞ ክብደት አለውና ይካካሳሉ። ከዚያ ማጥበቅ ነው፤ ተራ በተራ ዙሪያውን ሳይሆን አንዱን ካጠበቁ በኋላ ትይዩውን። «በመስቀል ነው የሚጠበቀው» ብዬ ገለጽሁ። ሐጂ መፍቻውን ከእጄ ተቀበሉና «ቢስሚላህ» ብለው በመስቀል አጠበቁት። ነጠላ የለበሱት አባት «እንደ እርስዎ አሳምሮ ያማተበ አላየሁም» ሲሏቸው ሁሉም በሳቅ ፈረሰ፤ አብዝተው የሳቁት ራሳቸው ሐጂ ነበሩ።

አሁን ባላንስ። የኋላው እግር ላይ ጎማው እንደ ልቡ አይሽከረከርም፤ ከሞተሩ የሚመጣው ዘንግ ይይዘዋል። የፊቱ ግን በኩሽኔታ ላይ ነፃ ነው፤ የባጃጅ ጎማ ደግሞ ከፊትም ከኋላም ይገጥማል። የኋላውን ለጊዜው በተጠባባቂው ጎማ አሳርፌ፣ አዲሱን ፊት ላይ አሰርሁት፤ የፊት ፍሬኑን አላላሁ፤ አምስቱ ጎበዛዝት ፊቱን አነሡልኝ። ቀስ ብዬ አዞርሁና ለቀቅሁት። ዞረ፣ ዘገየ፣ ወደ ኋላ ጥቂት ተወዛወዘና ቆመ። ከባዱ ወገን ምንጊዜም ታች ነው የሚያርፈው። በኖራ ምልክት አደረግሁ። ደግሜ ሳዞረው እዚያው። ሦስተኛ፣ እዚያው። ሰፈሩ ይህን ሲያይ ፀጥ አለ፤ ከዚያ ውርርድ ተጀመረ። ዳቦ የተላከችው ልጅ ዳቦውን አስይዛ ተወራረደች።

አሁን የሚያስፈልገው ከምልክቱ ትይዩ የሚለጠፍ እርሳስ ነበር። እርሳስ የለኝም። ሐጂ የሚዛናቸውን ድንጋይ ሊያመጡ ተነሡ። እትዬ የድሮ ጠገራ ብር አለኝ አሉ። ያን ጊዜ ነው ጎሚስታውን ያየሁት። እትዬ ረከቦት አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጧል፤ ከእጁ ያለው ሲኒ በረካ ነው። አቦሉንም ቶናውንም እዚያው ጠጥቷል ማለት ነው። ጠዋት ድንጋይ ስወሽቅ፣ በተነፋ ጎማ ላይ መፍቻ ሳሳርፍ፣ ሁሉንም አይቷል። «ራሴ እሠራዋለሁ» ስላልሁት አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ በኋላ ስጠይቀው «ጋሼ ባይቀድሙኝ ኖሮማ ልጮህ አፌን ከፍቼ ነበር» አለኝ። ሲኒውን አስቀምጦ ከኪሱ አምስት አምስት ግራም የሆኑ ተለጣፊ እርሳሶች አወጣና ዘረጋልኝ። እሁድ ነው፤ ሱቁ ዝግ ነው። ከቤቱ ሲወጣ ነው በኪሱ ይዟቸው የወጣው።

አምስት ግራም ለጠፍሁ፤ ምልክቱ አሁንም ወደ ታች ወረደ። አሥር፤ ዘገም ብሎ ወረደ። አሥራ አምስት ላይ ጎማው ባቆምሁት ቦታ ሁሉ ቆመ። ምልክቱ ላይ ሲሆን ቆመ፣ ጎን ሲሆን ቆመ። ጭብጨባው እስከ ሆጤ ስታዲየም ሳይሰማ አይቀርም። ጎማውን ወደ ኋላ እግሩ መለስነው፣ የፊቱንም አሰርን፣ ፍሬኑን አስተካከልን። ሰዓቴን አየሁ። 11 ደቂቃ የፈጀው ሥራ አራት ሰዓት ተኩል ፈጅቶ ነበር። ለጎሚስታ ላለመክፈል ብዬ ያወጣሁትን የዳቦ፣ የስኳርና የቡና ሒሳብ ለባለቤቴ እስካሁን አልነገርኋትም።

መሞከሩ ቀረ። መሪውን ስይዝ ሐጂ ከኋላ ገቡ። ጋሼ «ያ ጋሪ» እያሉ ከጎናቸው ተቀመጡ። እትዬ «እኔ ነኝ ፓውደሩን ያመጣሁት» ብለው መሐል ተጣበቁ። ነጠላ የለበሱት አባት በግራ በኩል ገቡ፤ እሳቸው ብቻቸውን ከመቶ ኪሎ የማያንሱ ናቸው። ከአነሡት ጎበዛዝት ሁለቱ በእኔ ግራና ቀኝ ዳር ዳር ተንጠለጠሉ፤ ጎሚስታው በመጨረሻ «ድምፁን ልስማ» ብሎ በቀኝ በኩል ተሸጎጠ። በአሥራ አምስት ግራም ሚዛኑ በተስተካከለ ጎማ ላይ ይህን ሁሉ አሳፍሬ ወደ ፒያሳ ወረድሁ። እውነት ለመናገር መቀመጫው አልተንቀጠቀጠም፤ የሚንቀጠቀጥበት ቦታ አልነበረውም።

ፒያሳ ላይ ትራፊክ ፖሊሱ እጁን ዘረጋ። ቆምሁ። ጎንበስ ብሎ ወደ ውስጥ ተመለከተና በዓይኑ ቆጠረ። ሦስት ተሳፋሪ ነው የሚፈቀደው። አንድ ጊዜ ከቆጠረ በኋላ አላምን ብሎ ደግሞ ቆጠረ።

«እነዚህ ሁሉ ምንድን ናቸው?»

«ጎማ ቀይረን ነው፤ ጌታዬ።»

ምንም አልመለሰልኝም። ደብተሩን በእጁ እንደያዘ ባጃጁን ዞረው፤ ከኋላ በቀኝ በኩል ሲደርስ ቆመ። አዲሱን ጎማ አየው። በቦት ጫማው ጫፍ መታ መታ አደረገው።

«ነፋሱ አልበዛም?»

ከውስጥ ሦስቱ «በዝቷል»፣ ሦስቱ «አንሷል» አሉ። ጎሚስታው ዝም አለ። ፖሊሱ ደብተሩን ኪሱ ከተተና እጅጌውን ሰበሰበ።

«እስቲ ውረዱና አንሡት፤ ልየው።»