ደም ስር በኪኒን አይታዘዝም

ሰሞኑን ብዙ ሰው የተቀባበለው አንድ የጤና አማካሪ ነኝ ባይ ቪዲዮ አናዶኛል። ሰውየው አርጂኒን የሚባለውን የአሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መሥሪያ) ኪኒን ይዞ፣ ደም ስርን የሚያላላው ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ የሚሠራው ከአርጂኒን ነው፣ ስለዚህ አብዝታችሁ ውሰዱ፣ ደም ስራችሁ ይከፈታል ይላል። የመጀመሪያው እውነት ነው። ከ«ስለዚህ» በኋላ ያለው ግን ውሃ አይቋጥርም።

ናይትሪክ ኦክሳይድን የሚሠራው ኢንዛይም በጥቂት አርጂኒን ይጠግባል። በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ ያለው ደግሞ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የጠገበን ምን ልታጎርሰው ነው?

ዋናው ነገር ጥሬ ዕቃው ሳይሆን ትእዛዙ ነው። ተመራማሪው ፉርችጎት በ1980 የጥንቸል ደም ስር ቁራጭ ወስዶ አሴቲልኮሊን የሚባል መድኃኒት ሲጨምርበት ስሩ ላላ። የውስጡን ስስ ሽፋን ፈግፍጎ ሲያነሳው ግን ያው መድኃኒት ጭራሽ አኮማተረው። አዛዡ ያ ሽፋን ነው። ጡንቻ ሥራ ሲበዛበት ወደ እሱ በሚሄዱት ትንንሽ ደም ስሮች የሚያልፈው ደም ይፈጥናል፣ የሽፋኑን ሴሎች ይፈትጋል፣ ሴሎቹም ይህን አውቀው ኢንዛይሙ ላይ ፎስፌት ይለጥፉና ያነቁታል፤ ካልሲየም ሲጨምርም ካልሞዱሊን የሚባል ፕሮቲን ይዞት ሥራ ያስጀምረዋል። የሚሠራው ጋዝ በደም ስሩ ግድግዳ ላይ ያለውን ጡንቻ ያላላል። ስሩ ሲሰፋ ፍትጊያው ይቀንሳል፣ ትእዛዙም ይበርዳል። የተሠራው ጋዝ ቢበዛ በሰከንዶች ውስጥ ይጠፋል፣ ቀይ የደም ሴሎች ያገኙትን ሁሉ ይለቅሙታል። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ በከንቱ አይደለም። ትንንሾቹ ደም ስሮች ሁሉ በአንዴ ቢከፈቱ የደም ግፊት ይወርድና ሰው ራሱን ስቶ ይወድቃል። የተዋጠ ኪኒን የትኛው ስር ደም እንደፈለገ ከየት ያውቃል?

ስሩ ሲታመምማ ይብሳል። ኢንዛይሙ ቴትራሃይድሮባዮፕተሪን የሚባል አጋዥ ያስፈልገዋል። እሱ ሲጎድል ኢንዛይሙ በናይትሪክ ኦክሳይድ ፈንታ ሱፐርኦክሳይድ የሚባል ጎጂ ነገር ያመርታል። ያ ደግሞ የተረፈችውን ናይትሪክ ኦክሳይድ ያጠፋል። እዚህ ላይ አርጂኒን መደፍደፍ ምን ይፈይዳል?

«ተፈጥሯዊ ነው፣ አይጎዳም» ማለቱ ግን ከሁሉም አበሳጭቶኛል። ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ደርሶባቸው በተረፉ ሰዎች ላይ ተሠርቶ በ2006 የወጣ ጥናት አለ። አርጂኒን ከወሰዱት 6 ሰዎች ሞቱ፣ ካልወሰዱት አንድም አልሞተም፣ ጥናቱም ተቋረጠ። ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ እሺ። ግፊት በመጠኑ ቀነሰ የሚሉ ጥናቶችም አሉ። «አይጎዳም» ብሎ ለልብ ሕመምተኛ መሸጥ ግን ኃላፊነት የጎደለው ሥራ ነው።

ለደም ስሩ የሚያስብ ሰው እንዲራመዱ ይምከር። እንቅስቃሴ ፍሰቱን ይጨምራል፣ ሲዘወተር ደግሞ ሽፋኑ ኢንዛይሙን ራሱን አብዝቶ ይሠራል። ግን እርምጃ በብልቃጥ ታሽጎ አይሸጥም።