ይድረስ ለተከበሩት ትልቁ አንጀቴ

ለተከበሩ፣ ለተፈሩ፣ ያለ በቂ ምክንያት ለሚቆጡ ትልቁ አንጀቴ
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? የእኔን ጤና አይጠይቁኝ። እርስዎ ሳይፈቅዱ ደህና ውዬ ስለማላውቅ መልሱን ከእኔ ቀድመው ያውቁታል።

«አንቱ» ማለቴ እንዳይገርምዎት። ርዝመትዎ ቢለካ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ትንሹ አንጀት በርዝመት ብዙ እጥፍ ይበልጥዎታል፣ ግን ድምፁን ሰምቼው አላውቅም። አንቱታው ለቁጣዎ የተሰጠ ማዕረግ ነው።

ክሴን ከሐኪም ቤት ልጀምር። ደሜን ሰጠሁ። ሰገራዬን በትንሽ ዕቃ ይዤ፣ አንገቴን ደፍቼ ወደ ላብራቶሪ ሄድኩ። አልትራሳውንድም ተነሣሁ። እርስዎ ያን ዕለት ጨዋ ሆነው ዋሉ። ውጤቱ ሲመጣ ሁሉም ንጹሕ። ቁስለት የለም፣ ብግነት የለም፣ ዕጢ የለም። «ምንም የለብሽም» ተባልኩ። ገና ቤቴ ሳልደርስ መንገድ ላይ ጀመሩኝ። እኔን ውሸታም አስባሉኝ፤ እርስዎ በወረቀት ተመስክሮልዎት ገቡ።

ደግነቱ ሥራዎ ስም አለው፤ አይቢኤስ ይባላል፣ «ቁጡ አንጀት» እንደ ማለት። በ2016 እ.ኤ.አ. ለሐኪሞች የወጣ ሮም አራት የሚባል መመዘኛም አለ። የሆድ ሕመሙ ባለፉት ሦስት ወራት በአማካይ በሳምንት ቢያንስ አንድ ቀን የመጣ እንደሆነ ይጠይቃል። ከዚያ ሦስት ነገር ያያል፦ ሕመሙ ከመጸዳዳት ጋር ይያያዛል ወይ? የመጸዳጃ ቤት ምልልሱ ብዛት ተለውጧል ወይ? የሰገራው መልክስ? ከሦስቱ ሁለቱ ከተገኙና ነገሩ ከጀመረ ስድስት ወር ካለፈው፣ የእርስዎ እጅ አለበት ማለት ነው። ቁስል የለም ማለትና ሕመም የለም ማለት ለየቅል ናቸው። ይህን በደብዳቤ ማስፈር ፈልጌ ነበር፤ አሰፈርኩት።

የሰገራ መልክ ሲባል ደግሞ ቀልድ እንዳይመስልዎት። ብሪስቶል የሚባል ሠንጠረዥ አለው፣ ከ1 እስከ 7። አንድ ደረቅ ጠጠር ነው፣ ሰባት ውሃ። የሰው አንጀት ሦስትና አራት ላይ አርፎ ይኖራል። አንዳንዱ አይቢኤስ ወደ ድርቀት ያደላል፣ አንዳንዱ ወደ ተቅማጥ። እርስዎ ግን መምረጥ አይወዱም። ሰኞ አንድ፣ ረቡዕ ሰባት። አራት ላይ ለመቆም ጊዜ የለዎትም።

ለምን እንደሚቆጡም አጣርቻለሁ። ተመራማሪዎች የትልቁ አንጀት ጫፍ ውስጥ ትንሽ ፊኛ አስገብተው፣ ቀስ እያሉ እየነፉ ለክተዋል። (ፈቃደኛ ሆነው የገቡበትን ሰዎች እግዜር ይስጥልን።) ሌላው ሰው ገና «የሆነ ነገር ተሰማኝ» በሚልበት መጠን፣ አይቢኤስ ካለባቸው ብዙዎቹ «አመመኝ» ይላሉ። ስለዚህ የእኔ ጋዝ የግድ ከሰው ሁሉ በልጦ አይደለም። እርስዎ ሆደ ባሻ ስለሆኑ ነው። ሌላው አንጀት ሳያየው የሚያልፈውን አረፋ እርስዎ ስድብ አድርገው ይቀበሉታል። ከዚያ ስሞታ ወደ አንጎል! በሆድ ዕቃ ግድግዳ ውስጥ ከመቶ ሚሊዮን በላይ የነርቭ ሕዋሳት አሉ። ቬገስ በሚባለው ነርቭ ውስጥ ካሉት ክሮች አብዛኞቹ ወሬ የሚወስዱት ከታች ወደ ላይ ነው። ትእዛዝ ከላይ ይወርዳል ይባላል እንጂ፣ የበላይ አካሉ የእርስዎን ሪፖርት ሲያነብ ነው የሚውለው።

አንጎሌም ቢሆን ጨዋ አይደለም። ፈተና አለ፣ የሥራ ቃለ መጠይቅ አለ፣ ረጅም የአውቶቡስ ጉዞ አለ ሲባል መጀመሪያ የሚነግረው ለእርስዎ ነው። ሰው አዲስ ቦታ ሲገባ ወንበሩን ያያል፣ ሰዉን ያያል። እኔ የመጸዳጃ ቤቱን በር ነው የማየው።

የጥላችንንም መነሻ አልረሳሁም። አንድ የተበላሸ ምግብ ነበር። ትኩሳትና ተቅማጥ ያመጣው ተህዋስ ጊዜው ሲደርስ ሄደ። እርስዎ ቂሙን ይዘው ቀሩ። የሆድ ኢንፌክሽን ከያዛቸው ሰዎች መካከል አስር በመቶ ገደማ የሚሆኑት እንዲህ ዓይነት ቂመኛ አንጀት ይተርፋቸዋል።

አሁን ወደ ምግብ። እዚህ ላይ ብዙ አለኝ።

በቅድሚያ አማካሪዎችዎ። እርስዎ በተቆጡ ቁጥር አንድ አማካሪ ይወለዳል። «ወተት ተዪ።» «ስንዴ ነው።» «የለም፣ ሥጋው ነው።» «ጥሬ ነገር አትንኪ።» «ለጥቂት ቀን ምንም አትብዪ።» ሁሉንም ብሰማ የሚቀረኝ ለብ ያለ ውሃ ነው። ለብ ያለ ውሃን የሚቃወምም አይጠፋም።

ከዚህ ሁሉ ጫጫታ መሃል ቁምነገር የሠሩ ሰዎች አሉ። በአውስትራሊያ፣ ሜልቦርን፣ የሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ምግብን በላብራቶሪ እየለኩ እርስዎን የሚያስቆጡትን ስኳሮች ለዩ። ፎድማፕ ይሏቸዋል። እነዚህ ስኳሮች ትንሹ አንጀት ውስጥ በደንብ አይመጠጡም። ውሃ እየሳቡ ወደ እርስዎ ይወርዳሉ። እርስዎ ዘንድ ያሉት ባክቴሪያዎች ያብላሏቸዋል፣ ጋዝ ይወጣል። ውሃውና ጋዙ ግድግዳዎን ሲወጥረው ይጮሃሉ። ጤነኛ ሰው ሆድ ውስጥም ይኸው ነው የሚሆነው። ልዩነቱ ጩኸቱ ላይ ነው።

የክስ ዝርዝሩን ሳየው ግን ሳቄ መጣ። ፖም። ማር። ምስር። ባቄላ። ሽምብራ። እንጉዳይ። ሐብሐብ። አበባ ጎመን። ሰው ጤናውን ሊጠብቅ ሲነሣ የሚገዛው ሁሉ! ሙዝ እንኳን ገና ጠንከር ሲል ዝም ይሉታል፤ በስሎ ነጠብጣብ ሲያወጣ ፍሩክታን የሚባለው ስኳሩ ይጨምርና ይቆጡታል። ስኳር የሌለው ማስቲካስ? ሶርቢቶልና ማኒቶል የሚባሉ ማጣፈጫዎች ይገቡበታል፤ እነሱም በዝርዝሩ ላይ አሉ። ከስኳር ሸሽቼ እርስዎ እጅ ላይ ወደቅሁ።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የሽንኩርት ነገር ነው። ቀዩም ነጩም በፍሩክታን የተሞሉ ናቸው። ስንዴም ይኸው አለበት፣ ስንዴን ግን ዓይቼ ልሸሸው እችላለሁ። ሽንኩርት አይታይም። ሾርባው ውስጥ አለ። ስጎው ውስጥ አለ። የታሸገው ቅመም ውስጥ ዱቄት ሆኖ ተደብቋል። ሰው ቤት ተጋብዤ «ሽንኩርት አይስማማኝም» ስል «ታዲያ ምን ትበያለሽ?» እባላለሁ። ጥያቄው ልክ ነው፤ እኔም ራሴን እጠይቃለሁ። ለቅሞ ማውጣትም አያድን። ፍሩክታን ውሃ ውስጥ ይሟሟል፤ ሽንኩርቱ ሲወጣ እሱ መረቁ ውስጥ ቀርቶ ይጠብቀኛል።

ግን ክቡርነትዎ፣ ደካማ ጎንዎን አግኝቼዋለሁ። ፍሩክታን ዘይት ውስጥ አይሟሟም። ነጭ ሽንኩርቱን በዘይት ጠበስ አደርገዋለሁ። መዓዛውን ለዘይቱ ሲሰጥ ቁራጮቹን ለቅሜ እጥላለሁ። ጣዕሙ ለእኔ ቀረ፣ እርስዎም አልነቁ። (በዚያው ዕለት እጨርሰዋለሁ። ቤት የተሠራ የነጭ ሽንኩርት ዘይት ሲቀመጥ አደገኛ መርዝ የሚሠራ ባክቴሪያ ሊራባበት ይችላል። አንድ ጠላት ይበቃኛል።) የለጋ ሽንኩርት አረንጓዴው ቅጠልም ያልፋል፤ የሚቆጡት በነጩ ጫፍ ነው። የታሸገ ምስርና ሽምብራም ውሃው ተደፍቶ፣ በደንብ ታጥቦ፣ በትንሹ ሲቀርብ ይታገሱታል፤ ከስኳሩ ብዙው ከውሃው ጋር ሄዷልና። ላክቶሱ የወጣለት ወተትና የቆየ ጠንካራ አይብ ላይም ድምፅዎን አልሰማሁም።

አንድ ነገር ላይ ግን እንተማመን። ይህ አመጋገብ የዕድሜ ልክ ፍርድ አይደለም። በመጀመሪያ ከ2 እስከ 6 ሳምንት ፎድማፕ የበዛባቸው ምግቦች ይቀነሳሉ። ቀጥሎ አንድ አንዱ ስኳር በተራው ይመለሳል፤ በሦስት ቀን ውስጥ መጠኑ ከፍ እያለ፣ እርስዎ ምን እንደሚሉ እየተደመጠ። በመጨረሻም በእውነት የሚያስቆጣዎት ብቻ ቀርቶ ሌላው ይበላል። ብዙ ሰው መጀመሪያው ላይ ተቀምጦ ይቀራል። ሆዱ ትንሽ ሲያርፍለት «ካልነካኝ አልነካውም» ይላል። ይሄ ፍርሃት ነው፤ ለእርስዎ ደግሞ ከፍርሃት የተሻለ ቀለብ የለም። በዚያ ላይ እነዚያው የተከለከሉት ስኳሮች እርስዎ ዘንድ ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይመግባሉ። እነሱን ዕድሜ ልክ ማስራብ ምን ይባላል? ክብደቱ የወረደ ሰው፣ ወይም ከምግብ ጋር የተጣላ ሰው፣ ይህን መንገድ በራሱ ባይጀምረው ይሻላል። ሌላውም የሥነ ምግብ ባለሙያ ቢያገኝ መልካም። ስንዴ ከመተው በፊት ደግሞ የሴሊያክ (የስንዴ ፕሮቲን አንጀትን የሚጎዳበት በሽታ) ምርመራ ይቀድማል፤ ስንዴ ትቶ ቆይቶ የተመረመረ ሰው ውጤቱ ሊያሳስተው ይችላል። አማካሪዎችዎ ሁሌ የሚዘሏት ይህችን ነው።

የእኔ ፍርድ ወጥቷል። ወተት ነፃ። ስንዴ በልክ ከሆነ ነፃ። ጥፋተኞቹ ሽንኩርት፣ ፖምና ያ ማስቲካ ናቸው። ወተት ላይ ለዓመታት ሲያስወሩበት ኖሩ! ስም ማጥፋት ነውር ነው።

ስለ ክብካቤዎ ደግሞ ጥቂት ልበል። ምግብዎ ትንሽ ትንሽ እየሆነ፣ በሰዓቱ ይቀርብልዎታል። ቀኑን ሙሉ ጦም አውሎ ማታ ሁሉን መከመር ማንንም አንጀት ያስጮሃል። ምግብ ጨጓራ ሲገባ እርስዎ መንቀሳቀስ መጀመርዎ የተፈጥሮ ነው፣ በተለይ ጠዋት። ስለዚህ ከቁርስ በኋላ ያለችው ጊዜ የእርስዎ ናት። እግሬን ትንሽ ዱካ ላይ አድርጌ፣ ጉልበቴን ከፍ አድርጌ እቀመጥልዎታለሁ፤ መውጫው እንዲቃና። ከዚህ በላይ ክብር የተሰጠው አንጀት ካለ ይንገሩኝ። ናይስ የተባለው የብሪታንያ የጤና መመሪያ ተቋም ሻይና ቡና በቀን ከሦስት ስኒ አይብለጥ ይላል፤ እሺ ብያለሁ። ካፌይን የሌለው ቡናም እንደሚቀሰቅስዎ ያነበብኩ ዕለት ግን አዝኛለሁ። ለስላሳ መጠጥ ቀርቷል፤ በጋዝ ላይ ጋዝ አልገዛም።

«ፋይበር ብዪ» የሚለው ምክርም አለ። ብለው የሚያቀርቡልኝ የስንዴ ፉርሽካ ነው። ፉርሽካ አይቢኤስ ያለበትን ብዙ ሰው ያባብስበታል። የሚሻለው ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ዓይነት ነው፦ አጃ፣ ወይም ሲሊየም የሚባለው የዘር ገለባ። እሱም በትንሽ ተጀምሮ፣ ከበቂ ውሃ ጋር፣ ቀስ እያለ ይጨምራል። ባንድ ቀን ያበዛ ሰው ምን እንደሚያደርጉት እርስዎ ያውቃሉ።

«ጭንቅላትሽ ውስጥ ነው» ለሚሉኝም መልስ አለኝ። ችግሩ እርስዎና አንጎሌ የምትጻጻፉት ላይ ነው። ለዚያም የሥነ ልቦና ሕክምና አለ፤ ለአንጀት ተብሎ የተዘጋጀ ሂፕኖሲስ ሳይቀር በጥናት ተሞክሮ ብዙ ሰው ረድቷል። አዎ፣ ሂፕኖሲስ። አንድ ትልቅ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ተጋድሞ፣ ባለሙያው ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንጀቱን ሲያባብል ይታይዎ። እሹሩሩም ቀረብዎት? ለጊዜው በእግር እንሂድና እንየው፤ እንቅስቃሴም ያረጋጋዎታል ተብሏል። ቁርጠቱ ሲብስ በእንክብል የሚመጣ የፔፐርሚንት ዘይት ጡንቻዎን ያላላዋል፤ ቃር ያለበት ሰው ግን ቃሩ ሊነሣበት ይችላል። በወር አበባዬ ሰሞን ስለሚጨምሩት ድራማ ሌላ ደብዳቤ እጽፋለሁ።

አንድ ጉዳይ ላይ ግን አልቀልድም። ድንበርዎን ይወቁ። እርስዎ ያማሉ፣ ይነፋሉ፣ ያስሮጣሉ። ደም የእርስዎ ሥራ አይደለም። ሳያስቡት ክብደት መቀነስ፣ የደም ማነስ፣ ትኩሳት፣ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ተቅማጥ፣ ከ50 ዓመት በኋላ አዲስ የጀመረ ሕመም፣ በቤተሰብ ውስጥ የነበረ የአንጀት ካንሰር፣ እነዚህ ሁሉ ሌላ መዝገብ ናቸው። በእርስዎ ስም ተሸፍነው እንዲያልፉ አልፈቅድም፤ ሳንውል ሳናድር ሐኪም ፊት እንቀርባለን። ለነገሩ አንድ ነገር አመሰግንዎታለሁ። በዚህ ሁሉ ቁጣ አይቆስሉም፣ ወደ ካንሰርም አይለወጡም። ማካበድ ነው ሥራዎ።

ቅዳሜ እራት ተጋብዣለሁ። ሽንኩርት እንደሚኖር አውቃለሁ፤ በትንሹ እቀምሳለሁ። ኬክም አለ ተብሏል፣ እሱንም እበላለሁ። ቅሬታ ካለዎት እሑድ ከቁርስ በኋላ ይቀበሉኝ፤ ሌሊት ጉዳይ አላይም።

ከአክብሮት ጋር
ተሸካሚዎ

ግልባጭ፦
ለጨጓራዬ፣ ለመረጃ ያህል
ለትንሹ አንጀቴ፣ ከምስጋና ጋር
ለአንጎሌ፣ እባክህን የደረሰህን ስሞታ ሁሉ አትመን