አስፋልት የላቸውም እንዴ?

ባለፈው ግንቦት ከብስክሌት ወርጄ ያነሳሁትን ፎቶ ወልቂጤ ላለው ታናሽ ወንድሜ ላክሁለት። ነጭ ፒስታ መንገድ ነው፤ ግራና ቀኙን የፈረንጅ ጽድ ተሰልፎበታል፤ ከጽዱ ወዲያ ወይን፣ ከወይኑ ወዲያ ኮረብታ በኮረብታ ላይ። ደቂቃ ሳይሞላ መልስ መጣ፦ «ጋሼ፣ እነሱም አስፋልት የላቸውም እንዴ?»

ወንድሜ የምሩን ነው የጠየቀው። እኔም ጣሊያን በመጣሁበት ዓመት ቢሆን ኖሮ ይህንኑ እጠይቅ ነበር። ፒስታ ለእኛ ተራው ያልደረሰው መንገድ ነው። በየስብሰባው «አስፋልቱ መቼ ነው የሚገባልን?» እየተባለ የሚጠየቅበት፣ በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ የሚበላበት። ሰው ወድዶና ፈቅዶ ፒስታውን ያቆያል ብሎ ማን ያስባል?

የምኖረው ፍሎረንስ ነው፤ የምሠራው መጋዘን ውስጥ። የሥራ ባልደረባዬ አባት ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከብስክሌት ላይ አይወርዱም። ልጃቸው ጉልበቱን ታሞ የተራራ ብስክሌቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሲቀር፣ «ና፣ አንተ ንዳው» ብለው ይዘውኝ ወጡ። በፍሎረንስና በሲዬና መካከል ካለው ከኪያንቲ ኮረብታማ አገር፣ ከትንሿ ከተማ ከጋዮሌ ተነሳን፤ እሳቸው በአሮጌ የብረት ብስክሌት፣ እኔ ወፍራም ጎማ ባለው።

የኪያንቲ ትልቁ ተራራ 900 ሜትር አይሞላም፤ በእኛ አቆጣጠር ቆላ ነው። ግን አንዱን ወጥተህ ሳትተነፍስ ቁልቁለቱ ይጥልሃል፤ ቁልቁለቱ ሳያልቅ ሌላው አቀበት ይቆምብሃል። ጠጠሩ ላይ ተነስተህ ፔዳል ከመታህ የኋላ ጎማ ይንሸራተታል፤ ከተቀመጥህ ደግሞ የፊቱ ይነሳል። በቁልቁለቱ መንገዱ እንደ ቤት ክዳን ቆርቆሮ የተሸበሸበበት ቦታ አለ፤ እዚያ ፍሬን አጥብቆ የያዘ ሰው መውደቁ ነው። ሽማግሌው ይህን ሁሉ እየነዱ ነበር የሚያስተምሩኝ።

መንገዱ ጠጠር ሆኖ የቀረው ሰው ስለተሟገተለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ጃንካርሎ ብሮቺ የተባሉ የአካባቢው ሰው ነጮቹ መንገዶች በአስፋልት ተሸፍነው እንዳያልቁ ብለው የብስክሌት ጉዞ አዘጋጁ። ስሙን ሌሮይካ አሉት፤ የጀግኖቹ እንደማለት ነው። በመጀመሪያው ዓመት የተገኙት 92 ሰዎች ናቸው። ዛሬ በየመስከረሙ መጨረሻ ከዓለም ዙሪያ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ይመጣል። የሚነዳውም በዋናነት ከእ.ኤ.አ. 1987 በፊት በተሠራ አሮጌ ብስክሌት ነው፤ ረጅሙን መንገድ የሚሄዱት ገና ሳይነጋ ተነስተው፣ ወደ ብሮሊዮ ግንብ የሚወጣውን የጽድ መንገድ ዳርና ዳር በተደረደረ መብራት ይወጡታል። 209 ኪሎ ሜትሩ ጉዞ ዓመቱን ሙሉ ምልክት ተተክሎለት ክፍት ነው፤ እኔና ሽማግሌው በየእሑዱ ጥቂት ጥቂቱን የምንቆርሰው ከእሱ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ በዚሁ መንገድ የፕሮፌሽናሎች ውድድር ተጀመረ፤ ስሙም ስትራዴ ቢያንኬ፣ ነጮቹ መንገዶች ማለት ነው፤ መጨረሻው ሲዬና ከተማ አደባባይ ላይ ነው። ውድድሩን ሦስት ጊዜ ያሸነፈ ጋላቢ ከጠጠሩ መንገድ አንዱ ቁራጭ በስሙ ይጠራለታል። ከአሻኖ በላይ ያለው የሞንቴ ሳንቴ ማሪዬ ቁራጭ፣ አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል፣ የስዊዘርላንዱ የፋቢያን ካንቼላራ ነው። እኔ ስሙ የተጻፈበት ድንጋይ አጠገብ ቆሜ ደጋግሜ አነበብሁት። በአገሬ መንገድ በሰው ስም የሚጠራው አስፋልት ሲሆን ነው።

ግን ከዚህ ሁሉ የገረመኝ ሌላ ነው። አንድ ቀን ዝናብ ያዘን። ዛፍ ሥር ተጠልለን ቆየን፣ ሲያባራ ቀጠልን። ውሃው በመንገዱ ዳር በተቀደደው ቦይ እየጮኸ ይወርዳል፤ መንገዱን አልቆረጠውም። አንድ ቦታ ላይ ቅጠልና ጭራሮ የቱቦውን አፍ ዘግቶት ውሃው ወደ መንገዱ ሊዞር ደርሷል። ሽማግሌው ብስክሌታቸውን አጋደሙ፣ እንጨት አነሱ፣ ተንበርክከው ቅጠሉን ጎትተው አወጡት። ውሃው ጉልል ብሎ ገባ። እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠርገው ተሳፈሩ። ምንም አላሉም። እኔ ግን ያን ቀን ማታ ቤቴ ገብቼም የማየው ያንን እጅ ነበር። የመንገድ ሠራተኛ አይደሉም፤ መንደሩም የእሳቸው አይደለም።

ከአሻኖ ስንመለስ ጎማዬ ተነፈሰ። «ከመነዳሪ አለዎት?» ያልሁት በጣሊያንኛ ፈልጌ አጥቼ በአማርኛው ነው። ሽማግሌው ዞር ብለው «ካሜራ ዳሪያ!» አሉ። ከዚያ ጨዋታው ቀጠለ፦ ጎማ፣ ቸርኬ፣ ፍሬን፣ ኩሽኔታ፣ ጎሚስታ። ብስክሌት የሚለውም ከእነሱ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ አማርኛ ነው ብዬ የምናገረውን እያንዳንዱን ለቅመው አረሙልኝ። ደስ አላቸው። ከዚያ ዝም አሉ፤ ቃሎቹ በምን መንገድ እንደደረሱን ገባቸው መሰለኝ። እኔም ዝም አልሁ። ከወታደር ጋር የመጣ ቃል ነው፤ የካቲት 12ን የሚያውቅ ሰው በዚህ ላይ ብዙ አይስቅም። ጎማውን ጠግነን እስክንጨርስ አልተነጋገርንም።

በኋላ ወይን ማሳ ዳር ያለ የድንጋይ ቤት አሳዩኝ። እዚያ ነው የተወለዱት። ቤተሰባቸው የእኩል አራሽ ነበር፤ ሥርዓቱን መዛድሪያ ይሉታል፣ ምርቱ ግማሹ ለባለመሬቱ። አባቴ ከመሬት ለአራሹ በፊት ስለነበረው ዘመን ሲያወራ የምሰማውን ነው የሰማሁት። እ.ኤ.አ. በ1964 አዲስ የእኩል ውል በሕግ ሲከለከል እሳቸው ገና ልጅ ነበሩ፤ ገበሬው ግን ያን ጊዜ ወደ ፋብሪካ እየጎረፈ ነበር፣ ኮረብታው ባዶ ሊሆን ደርሶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 ገበሬ በቤቱ እንግዳ ተቀብሎ እንዲያሳድር የሚፈቅድ ሕግ ወጣ። ዛሬ ያ ቤት የእንግዳ ማረፊያ ነው። በራፉ ላይ ብስክሌት ማጠቢያ ቧንቧ አለ። እንግዳው የሚመጣው ለጠጠሩ መንገድ ነው።

እዚህ ላይ ነው ሆዴ የተቃጠለ።

እኛ እኮ ጀፎረ አለን፤ በመንደሩ መሐል፣ በጎጆዎቹ ረድፍ መካከል የሚያልፍ ሰፊ የጋራ የሣር መንገድ። ጉራጌ አገር ያደገ ሰው ምን እንደምል ያውቃል። እኔ ያደግሁበት ጀፎረ ሣሩ እንደ ምንጣፍ ነው፤ ፈረስ የተጋለበበት፣ ደመራ የተለኮሰበት፣ ለቅሶ የተቀመጥንበት፣ ኳስ የተጫወትንበት። ብስክሌት የለመድሁትም እዚያው ነው፤ አጎቴ ለመስቀል ከአዲስ አበባ በአይሱዙ ጭኖ ባመጣት፣ ኮርቻዋ በላስቲክ በታሰረ ብስክሌት። መቶ ጊዜ ወድቄ አንድ ጊዜ አልቆሰልሁም፣ ሣር ነዋ። አጥሩን አንድ ክንድ ወደ ጀፎረ የገፋ ሰው ሽማግሌ ይቀመጥበት ነበር፤ በጉራጌ ባህላዊ ሕግ፣ በቅጫው መሠረት ይቀጣል፣ አጥሩን ይመልሳል። መንግሥት አልነበረም የሚጠብቀው። ልክ እንደ ጣሊያናዊው ሽማግሌ እጅ ያለ እጅ ነበር የሚጠብቀው።

ባለፈው ዓመት ለመስቀል ስሄድ ሁለት ጎረቤቶች አጥራቸውን ወደ ጀፎረው አውጥተዋል። አንዱ ባሕር ዛፍ ተክሏል። መሐሉን ደግሞ ግሬደር ገብቶ ቀዶታል፤ ቦይ አልተቀደደለትም፣ በመጀመሪያው ክረምት ውሃው ወገብ የሚያደርስ ገደል ቆፍሮበታል። ለምን ብዬ ብጠይቅ በዕድሜ እኩያዬ የሆነ ሰው «ባዶ ቦታ እኮ ነው» አለኝ። ባዶ ቦታ! አያቱ የተዳሩበትን፣ አባቱ የተለቀሰበትን ሜዳ።

መንገድ አይሠራ አላልሁም። አክስቴን በምጥ ጊዜ በቃሬዛ ተሸክመው ሦስት ሰዓት ከሄዱት አንዱ እኔ ነኝ፤ ትከሻዬ አልረሳውም። አምቡላንስ የሚገባበት መንገድ ያስፈልገናል፣ ዛሬውኑ። የሚያንገበግበኝ የመኪናው መንገድ ከጎጆዎቹ ጀርባ መውጣት እየቻለ በጀፎረው ላይ መሄዱ፣ ሲሄድም ያለ ቦይ መሄዱ ነው። ፒስታ ቦይ ካለው፣ ቦዩን የሚጠርግ ሰው ካለው፣ ለመቶ ዓመት ይቆያል፤ እየነዳሁበት ነው የማወራው።

ሽማግሌው አንድ ጊዜ «በአገርህ ብስክሌት ይነዳል?» ብለው ጠይቀውኛል። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ የገባችው እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ እንደሆነ፣ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞች ይዛ እንደቀረበች ነገርኋቸው። ጽጋቡ ገብረማርያም ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የነዳ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እንደሆነም። እሳቸው የሚያውቁት የኤርትራውን ቢንያም ግርማይን ነበር። መንገድ ላይ የሚያዩኝ ገበሬዎችም «ቢንያም! ቢንያም!» እያሉ ነው የሚያበረታቱኝ፤ ክፉ አይደለም፣ ደስ ይለኛል። ከዚያ የጀፎረን ፎቶ በስልኬ አሳየኋቸው፣ አጥሩ ከመውጣቱ በፊት የተነሳውን። መነጽራቸውን አውልቀው፣ እንደገና አድርገው፣ በጣታቸው ፎቶውን አስፍተው ብዙ አዩት። «ይህን ሣር ማን ያጭደዋል?» አሉኝ። ጥጆች፣ አልሁ። «በዚህ ላይ ልነዳ እመጣለሁ» አሉ።

ለወንድሜ ይህን ሁሉ በድምፅ ቀድቼ ላክሁለት። አስፋልት አላቸው፣ ፒስታውን ግን ወደውት ነው ያቆዩት አልሁት። የቦዩን ፎቶ፣ የቱቦውን አፍ ፎቶ ላክሁለት። ከዚያም ቅዳሜ ወደ ቤት ሲሄድ ጀፎረውን ከአጥር እስከ አጥር በእርምጃ እንዲለካልኝ ለመንሁት፤ አባታችን በልጅነታችን እየቆጠረ ያሳየን ሃምሳ ሁለት እርምጃ ነበር።

ቅዳሜ ማታ ጻፈልኝ። «ጋሼ፣ በትልቁ ወይራ በኩል አሁንም ሃምሳ ሁለት ነው። በእኛ በር በኩል ሠላሳ አራት። አባባ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሽማግሌዎቹን ቡና ጠርቷል።»