ለክቡር ያምል፦ ከድሬዳዋ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለክቡር ያምል
ባሉበት

ጤና ይስጥልን። እኛ ደህና ነን። ሙቀቱ ያው ነው።

እርስዎ (YAML) የኮምፒውተር ፕሮግራሞች የሚያነቡት መረጃ የሚጻፍብዎ የፋይል ቅርጸት ነዎት። ወደ ሐረር የሚወጡ ሚኒባሶችን መነሻ ሰዓት በእርስዎ ፋይል አስቀምጠን ነበር። ጠዋት 2:30 ብለን ጻፍን። እርስዎ 150 ብለው አነበቡት። ስክሪኑ ላይ «መነሻ፦ 150» ተብሎ ወጣ። አንዲት እናት ታሪፍ መስሏቸው «ኧረ ትናንት እንዲህ አልነበረም!» ብለው ረዳቱን አፋጠጡት። ረዳቱ ምን ይበል?

ለነገሩ ምክንያት አልዎት። በ1.1ኛው እትምዎ በሁለት ነጥብ የተለያየ ቁጥር በ60 ይሰላል። ሁለት ጊዜ ስልሳ፣ ሲደመር ሠላሳ፣ 150። ሒሳብዎ አይታማም። 02:30 ብለን ዜሮ ብንጨምር ደግሞ ሳይነኩት ጽሑፍ ነው ብለው ያልፉታል። ምን ዓይነት አመል ነው?

ከሁሉ የባሰው ግን የስልክ ኮዱ ነው። የድሬም የሐረርም የመስመር ስልክ በ025 ይጀምራል፤ ይህን ልጅም አዋቂም ያውቃል። እርስዎ በ1.1 በዜሮ የጀመረውን በአሥር ሳይሆን በስምንት ቤት ቆጥረው (ሁለት ጊዜ ስምንት፣ ሲደመር አምስት) 21 ያደርጉታል። በ2009 እ.ኤ.አ. «አመሌን ትቻለሁ» ብለው በ1.2 ሲመጡ ያው ፋይል 25 ሆነ። ዜሮዋስ? አቦ! አንዱን ፋይል ሁለት ጊዜ አንብበው ሁለቴም ተሳሳቱ፤ ያውም በተለያየ መልስ።

አመልዎን ተዉ መባሉም ቢሆን ለሁሉም አልደረሰም። ፓይያምል (PyYAML)፣ በፓይተን ቋንቋ የእርስዎን ፋይል የሚያነበው መሣሪያ፣ ዛሬም በ1.1 ነው የሚያነብልዎ። ፋይሉ ራስ ላይ 1.2 ብለን ብንጽፍለትም አይሰማም። ስለዚህ በፓይያምል የሚያነበው የኔ ኮምፒውተር 21 ሲል፣ በ1.2 የሚያነበው ሐረር ያለው ባልደረባዬ 25 ይለኛል። ሁለታችንም ልክ ነን፤ ደዋዩ ብቻ ነው የተቸገረው።

የኖርዌይን የአገር ኮድ፣ NOን፣ የእንግሊዝኛው «አይ» መስሎዎት «ሐሰት» ብለው በ1.1 እንደሚያነቡም ሰምተናል። አዝነንላቸዋል። ኖርዌይ ግን ሩቅ ናት፣ በሐረር መንገድ ላይ ያለው ደንገጎ ነው ቅርባችን።

እስቲ ምድር ባቡራችንን ይመልከቱ። ከዚራ ያለው የድሮው ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ነው፤ ከከተማ ወጣ ብሎ የተዘረጋው አዲሱ 1435 ሚሊ ሜትር። የድሮው ፉርጎ በአዲሱ ላይ አይሄድም። ይህ ያናድዳል፣ ግን ግልጽ ነው፤ ተሳፋሪው ሳይሳፈር ያውቀዋል። እርስዎ እምቢ እንኳ አይሉም። በፈገግታ ያሳፍሩንና ሌላ አገር ያወርዱናል።

ጎረቤትዎን ፕሮቶኮል በፈርስን (Protocol Buffers)፣ ሌላውን የመረጃ ቅርጸት፣ ቢጠይቁ ምን ነበረበት? እሱ ዘንድ እያንዳንዱ የመረጃ መስክ የራሱ ቁጥር አለው። መስኩ ሲሰረዝ ቁጥሩ «ተይዟል» ተብሎ ይቀመጣል፣ ለሌላ እንዳይሰጥ። የድሮው አንባቢም የማያውቀው ቁጥር ሲመጣበት ይዘለዋል እንጂ ከኪሱ ትርጉም አያወጣለትም።

እኛማ እንደ ጽሑፍ ብቻ እንዲያነቧቸው ሰዓቱንም ስልኩንም በጥቅስ ምልክት ውስጥ አስገብተን እፎይ ብለናል። እርስዎን ለማቅለል ተብሎ የተተወውን ጥቅስ መልሰን እየለቀምን ነው ማለት ነው።

ከማክበር ሰላምታ ጋር፣
ያንን ረዳት ይቅርታ የጠየቀ ፕሮግራመር

ግልባጭ፦
ለሚቀጥለው እትም፣ ለመምጣት ካሰበ።