ስቲቭ የሚባል አጥር

የልጆች ፊልም የሚንቅ እንግዳ መጥቶባችሁ ያውቃል? ባለፈው ቅዳሜ ልጆቼ «ኦቨር ዘ ሄጅ»ን ከፍተው ምንጣፉ ላይ እንደተደረደሩ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ከች አሉ። «ዛሬም ካርቱን ነው?» ብለው ሶፋው መሀል ተቀመጡና ሪሞቱን ጭናቸው ሥር ወሸቁት። ዜና ሊያዩ ነው ስል፣ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ «እስቲ ዝም በሉ!» ባዩ እሳቸው ሆኑ።

ፊልሙ መነሻው የጋዜጣ የሥዕል ቀልድ ነው፤ ማይክል ፍራይና ቲ ሉዊስ በ1995 እ.ኤ.አ. የጀመሩት። በ2006 እ.ኤ.አ. ድሪምወርክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ፊልም አደረገው። እንስሳቱ የብርዱን ወራት ተኝተው ሲነቁ ጫካቸው ውስጥ ትልቅ የቁጥቋጦ አጥር ተገትሮ ያገኛሉ። ከማዶ አዲስ ሰፈር ተሠርቷል። ፈሩት። ስሙን ብናውቅ ፍርሃቱ ይቀለን ነበር ተባለና «ስቲቭ» አሉት። ልጆቹ በሳቅ ተንከባለሉ።

እኔ ግን አልሳቅሁም። እኛም ተኝተን ስንነሳ አጥር አግኝተናል፤ አሁን በምኖርበት በዚሁ ግቢ። ልጅ ሳለሁ ከጎረቤት የሚለየን የጥድ አጥር ነበር፣ ሰው የሚያሾልክ ቀዳዳ ያለው። እናቴ በዚያ በኩል «ቡና ጠጡ!» ትላለች። አንድ የበዓል ማግስት ጎረቤታችን ቆርቆሮ ገተሩ፤ ክንድ ከስንዝር ወደኛ ገብቶ። አባቴ ሊያናግሯቸው ቢሄዱ ቡና አጠጥተው «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» ብለው ሸኟቸው። ይህን ተረት ድሮም እወደዋለሁ። የቅርብ ሲባል ግን ክንድ ከስንዝር ይቅረብ ማለት አይመስለኝም ነበር።

ቆርቆሮው ኋላ ግንብ ሆነ። ከላዩ የጠርሙስ ስብርባሪ ተተከለበት። ለሌባ ነው አሉ። እሺ፣ ለሌባ ይሁን፤ ታዲያ በመንገዱ በኩል አንዲት ጠርሙስ እንኳ የሌለችው ለምንድን ነው? ሌባ የሚመጣው ከኛ ቤት ብቻ ነው? ይኸው ስንት ዓመት፣ ኳሳችን በወጣ ቁጥር ፈንድቶ ይመለሳል!

የት ነበርኩ? አዎ፣ ጋሼ፣ የባለቤቴ ወንድም። በፊልሙ ራኩን የሚባለው የአሜሪካ አውሬ የድቡን ስንቅ ሊሰርቅ ሲል ያጠፋውና በአንድ ሳምንት ተካ ይባላል፤ እነኤሊን፣ እነጃርትን ከአጥር ማዶ ምግብ ማግበስበስ የሚያስተምራቸውም ለዚህ ነው። ልጆቹ ለራኩኑ ሲጨነቁ ጋሼ ብድግ ብለው «ድቡ ምን አጠፋ? ንብረቱ ነው እኮ!» አሉ። ጎረቤታችን የተናገሩ መሰለኝ። ፊልሙ ሲያልቅ «የልጅ ነገር» ብለው ኮታቸውን አነሡ።

ትንሿ ልጄ «የኛ አጥርስ ስሙ ማነው?» አለችኝ። በንዴት ላይ ነበርኩና የጎረቤታችንን ስም ነገርኳት። አሁን በየጠዋቱ ግንቡ ሥር ቆማ ትጠራዋለች፤ ከማዶ «አቤት!» ይባላል።

ሪሞቱ እስካሁን አልተገኘም።