የእኔ ሳል ብርድ ነው

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ ከጉዞ ተመለሰ። ያገኘውን ሁሉ አቅፎ ስሞ ሲያበቃ ሳሉን ለቀቀው። መስኮት የሚያርገበግብ ሳል ነው። ሁላችንም ዞር ስንልበት እጁን አወናጨፈ። «ኧረ ምንም አይደለም፣ የአውሮፕላኑ ኤሲ ነው» አለ። እሺ፣ ኤሲ ይሁን። ትንሽ ቆይቶ ጥግ ላይ የተቀመጠች ሴት አንዴ አሳለች፤ ያውም በክርኗ ሸፍና፣ በጨዋ ደንብ። ወዳጄ ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ይቺን ሴትዮ አዲሱ የኮቪድ ዝርያ እንዳይሆን የያዛት» አለኝ።

ትንሽ ነገር ናት። ግን አንጀቴን አሳረረችው። በዚያ ሁሉ የወረርሽኝ ዘመን የሰማሁትን ክርክር ሰውየው ብቻውን በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨረሰው። የእኔ ሳል ብርድ ነው፤ ያንቺ ሳል ዝርያ ነው። የእኔ ጉዞ የግድ ነው፤ ያንተ ጉዞ ሽርሽር ነው። እኔን ለይቶ ማቆያ ካስገቡኝ የመብት ጥሰት ነው፤ አንተን ካስገቡህ የሕዝብ ጤና ነው።

ማርች 2020 ትዝ ይላችኋል? (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ውሰዱልኝ፤ የጉዞ ሕጎቹም በዚያው ነበር የሚወጡት።) በ11ኛው ቀን የዓለም ጤና ድርጅት ነገሩን ወረርሽኝ ብሎ ጠራው። ያን ሰሞን «ድንበሩ ዛሬውኑ ይዘጋ! ምን ይጠበቃል?» የማይል ሰው አልነበረም። ተዘጋ። ከዚያ የጯሂው የወንድም ልጅ ውጭ አገር ቀረ። «ዜጋ እንዴት ወደ ገዛ አገሩ እንዳይገባ ይከለከላል?» ተባለ። ልጁ እንዲገባ ተፈቀደ፤ ግን ለይቶ ማቆያ ይቀመጥ ተባለ። «ልጁ ጤነኛ ነው፤ እቤቱ ይቀመጥ፣ እኛው እንጠብቀዋለን።» ልጁ ወጣ። በማግስቱ ጎረቤት ሌላ ተመላሽ ታየ። «ይኼን ደግሞ ማን ነው የለቀቀው?» አጎትየው ናቸው ይህን የሚሉት።

አሥራ አራት ቀን የሚባለው ቁጥር ከሰማይ የወረደ አይደለም። ቫይረሱ ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ ምልክት እስኪያሳይ 5 ቀን ገደማ ይወስዳል፤ አንዳንዱ ሰው ላይ ግን እስከ 14 ቀን ሊያደባ ይችላል። ሰውየው እየሳቀ እየተጫወተ ነው፣ እንግዳው ውስጡ ነው። ሐሳቡ ይኼው ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። አዲስም አይደለም። የዛሬዋ ዱብሮቭኒክ፣ ያኔ ራጉሳ ትባል የነበረችው የባሕር ዳር ከተማ፣ በ1377 ወረርሽኝ ካለበት የመጣን ሰው 30 ቀን ሳይቆይ አታስገባም ነበር። ቫይረስ ምን እንደሆነ የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። ተጓዡ ግን ያኔም ይኼው የእኛው ተጓዥ እንደነበር አልጠራጠርም። «እኔ እኮ ጨርቅ ነጋዴ ነኝ፤ በሽታ አልነግድም» ያለ አይጠፋም።

ወደ ሆቴሎቹ ልምጣ። አውስትራሊያ ከማርች 2020 መጨረሻ ጀምሮ ገቢውን ሁሉ 14 ቀን ሆቴል አስቀመጠች። ሆንግ ኮንግ እስከ 21 ቀን አደረሰችው። ብሪታንያ በፌብሩዋሪ 2021 ከቀይ መዝገብ አገራት (በሽታው ያሰጋል ብላ ከለየቻቸው) የመጣውን 10 ቀን ሆቴል አስገባች፤ ለአንድ አዋቂ 1,750 ፓውንድ፣ ከኪስ። በኦገስት ወደ 2,285 አሳደገችው። ሰው በገዛ ገንዘቡ ሲዘጋበት እንዴት ደራሲ እንደሚሆን ያየሁት ያኔ ነው። መጀመሪያ የአልጋው ፎቶ ይለጠፋል፤ «በመጨረሻ ዕረፍት አገኘሁ» ይላል። ቀጥሎ የምግቡ ፎቶ፣ ከምሬት ጋር። ከዚያ መስኮቱ። መስኮቱ አይከፈትም። አጭር ግጥም ይጻፋል። ሳምንቱ ሲጋመስ ክፍሉ እስር ቤት ይሆናል፤ ሕገ መንግሥት ይጠቀሳል። የቴኒስ ተጫዋቾቹስ? በጃንዋሪ 2021 ለአውስትራሊያ ኦፕን ሜልቦርን ገብተው ክፍላቸው ውስጥ የተዘጋባቸው ኳሱን ከፍራሽ ጋር ሲጠልዙ በቪዲዮ አሳዩን። እነሱ እንኳ ሥራ አገኙ። የእኔ ሰዎች ግን ከሁሉም የሚደንቁኝ የሚወጡ ቀን ነው። ሻንጣቸውን እየጎተቱ በሩ ላይ ደርሰው፣ ዞር ብለው አዲስ ገቢዎቹን ያዩና፣ «ቁጥጥሩ በጣም ላልቷል» ይላሉ።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የምትለዋን ተረት በጣም እወዳታለሁ። ለሁሉም ነገር ትሆናለች። ግን ሁልጊዜ ውሻው ላይ የተፈረደበት ይመስለኛል። ቢያንስ ጮኋል። ደግሞስ ጅቡ ሳይሄድ የጮኸ ውሻ ምን እንደሚደርስበት ማን ጠየቀ? እኔ ልንገራችሁ። በኖቬምበር 2021 ጮኸ፤ በድንጋይ ተወገረ።

የደቡብ አፍሪካ ሳይንቲስቶችን ማለቴ ነው። (ይቅር ይበሉኝ፤ ውሻ ያደረጋቸው ተረቱ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።) ኖቬምበር 24 አዲስ ዝርያ ማየታቸውን ለዓለም ጤና ድርጅት አሳወቁ። ቫይረሱ ሴል ላይ በሚጣበቅበት ፕሮቲን ላይ ብቻ ከ30 በላይ ለውጥ ነበረው። በሦስተኛው ቀን ኦሚክሮን ተባለ። በዚያው ቀን ብሪታንያ ለስድስት ደቡባዊ የአፍሪካ አገራት በሯን ዘጋች። አሜሪካ በ29ኛው ቀን ለስምንት። እንግዲህ ይኼ ሁሉ ሲሆን ቫይረሱ አውሮፓ ውስጥ ተደላድሎ ተቀምጧል። ኔዘርላንድስ ኖቬምበር 19 እና 23 የተወሰዱ ናሙናዎችን መልሳ ስታይ ኦሚክሮንን እዚያው አገኘችው። የደቡብ አፍሪካ ማስታወቂያ ከመውጣቱ በፊት ማለት ነው። ታዲያ አሜሪካ ኔዘርላንድስን ዝርዝሩ ላይ ጨመረቻት? ኧረ የት!

እዚህ ላይ ቀልዱ ይቅርብኝ። የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ አንቶኒዮ ጉተሬዝ «የጉዞ አፓርታይድ» ብለው ሲጠሩት ቃል ይምረጡ ያላቸው ነበር። እኔ አነሰ ነው ያልኩት። ጎበዝ ሆነህ ስትመረምር፣ ታማኝ ሆነህ ስትናገር ዋጋህ መዘጋት ከሆነ፣ ቀጣዩ ጎበዝ ምን ይማራል? ዝም ማለትን ነዋ። ዝርያ የተገኘበት አገር ሁሉ የተፈጠረበት አገር አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ፈላጊ ባለበት ነው። ጋማ የተባለውን ዝርያ ጃፓን ናት መጀመሪያ ያየችው፣ ከብራዚል የመጡ መንገደኞች ላይ። ቫይረስ ራሱን ሲያባዛ ይሳሳታል። አብዛኛው ስሕተቱ ለምንም አይረባም፤ አንዳንዱ ግን ይቀናዋል። የተያዘ ሰው ሲበዛ ቅጂው ይበዛል፣ ቅጂው ሲበዛ ስሕተቱ ይበዛል። ፓስፖርት የሚባል ነገር የትም ቦታ የለበትም። ደግሞ እገዳው ስንት ጊዜ ቆየ? ብሪታንያ ዝርዝሩን ወደ 11 አገር ካሳደገች በኋላ ዲሴምበር 15 ሁሉንም ሰረዘች። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ኦሚክሮን ቀድሞ አገሯን ሞልቶታል። አሜሪካም በዲሴምበር 31 ተወችው።

የክትባቱን ነገር ካነሳሁማ አልመለስም። በሴፕቴምበር 2021 የብሪታንያ ሕግ አፍሪካ ውስጥ ሙሉ ክትባት የወሰደን ሰው «ያልተከተበ» ብሎ ይቆጥረው ነበር። ክትባቱ ያው አስትራዜኔካ ነው። ለንደን ላይ ከተወጋህ ተከትበሃል፤ አፍሪካ ላይ ከተወጋህ ውኃ ተወግተሃል ማለት ነው እንግዲህ። ከተወጉት መሐል እዚያው ብሪታንያ ራሷ የለገሰችውን የወሰዱ ነበሩ! ሕንድ ውስጥ ኮቪሺልድ በሚል ስም ይመረት የነበረው ያው አስትራዜኔካም ተመሳሳይ ጣጣ ገጠመው። ሕንድ ግን ዝም አላለችም። ከኦክቶበር 4 ጀምሮ የተከተበውንም ብሪታንያዊ 10 ቀን ለይታ አስቀመጠች። በሳምንቱ ብሪታንያ ሕንድ ውስጥ የተከተበውን ሰው እንደ ተከተበ ቆጠረችው። ሳይንሱ በአንድ ሳምንት ውስጥ በጣም አድጎ መሆን አለበት።

ካርታ ማንበብም ያኔ ቀርቶ ነበር። በጁላይ 2021 ብሪታንያ ከፈረንሳይ የሚመጣው የተከተበ ሰው ሁሉ ቤቱ ተዘግቶ ይቀመጥ አለች፤ ቤታ የሚባለውን ዝርያ ፈርታ። ቤታው በብዛት የታየው ሬዩኒየን ላይ ነበር። ሬዩኒየን የፈረንሳይ ግዛት ናት፣ አልካድኩም። ግን የምትገኘው ሕንድ ውቅያኖስ ላይ፣ ማዳጋስካር አጠገብ ነው። ፓሪስ ቡና ሲጠጣ የከረመ ሰው ለዚያች ደሴት ዕዳ ከፈለ።

አሁን ስለ ሕግ ካወራን የራሴን ቂም ካላወጣሁ ልቤ አያርፍም። ወረቀቱ «ከ72 ሰዓት ያልበለጠ የፒሲአር (የቫይረሱ ምርመራ) ውጤት» ይል ነበር። ከምን ተነስቶ ነው 72 የሚቆጠረው? ናሙናው ከተሰጠበት? ውጤቱ ከወጣበት? እስከ መቼ? አውሮፕላኑ እስኪነሳ? እስኪያርፍ? አንዱ አገር እንዲህ ይላል፣ ሌላው እንዲያ። እኔ ትራንዚት ስለነበረኝ ሁለቱም ነበሩብኝ። ካውንተር ላይ የተቀመጠችው ልጅ ወረቀቴን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ፣ «ውጤትዎ ጊዜው አልፎበታል» አለችኝ።

«ትናንት ነው እኮ የወጣው!»

«ከናሙናው ነው የሚቆጠረው።»

«ስደውል ከውጤቱ ነው ተብያለሁ።»

«ማን ነው ያለዎት?»

ለዚህ ጥያቄ መልስ ያለው ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ከኋላዬ አንድ ሰውዬ ማስኩን አገጩ ላይ አንጠልጥሎ፣ «ወንድም፣ ሕግ ሕግ ነው፤ መስመሩን አታዘግይብን!» ይላል። ተራው ደረሰ። ወረቀቱ ላይ ኪውአር ኮድ የለም። «እንዴ! ትንሽ ማስተዋል የለም እንዴ?» ሲል ሰማሁት። ደስ አላለኝም ብል ውሸት ነው።

ይኼንኑ ሰውዬ ነው በኋላ አውሮፕላኑ ውስጥ ያየሁት። ምድር ላይ ሁለት ሜትር ተራርቀን፣ የተለጠፈውን ክብ ምልክት ረግጠን ነበር የቆምነው። ከዚያ አስገብተው ክንድ ለክንድ አጣበቁን። ምግቡ ሲመጣ ሁሉም ማስኩን በአንድ ጊዜ አወለቀ፤ ቫይረሱ እያኘክን ጨዋ እንደሚሆን ተስማምተን መሆኑ ነው። ጎማው መሬት ሲነካ ደግሞ ሁሉም ብድግ። በሩ ገና አልተከፈተም! የት ልትደርስ ነው? የምትሄደው ኳራንቲን እኮ ነው! ይኼን ጉዳይ ወረርሽኝ ሳይኖርም እቃወመው ነበር፣ ወደፊትም እቃወመዋለሁ። ያን የመሰለ በሽታ ያላስተማረንን ማን ሊያስተምረን ነው?

ወደ ሳሉ ልመለስ፤ ረሳሁት እኮ። ወዳጄ ስለ አዲሱ ዝርያ ያወቀው ከስልኩ ነው። ድሮ የምናውቀው አልፋና ኦሜጋን ብቻ ነበር፤ መሐል ያሉትን ፊደላት ቫይረሱ አስጠናን። ከሜይ 2021 በፊት ዝርያውን ሁሉ በአገር ስም ነበር የምንጠራው። በግሪክ ፊደል ይሁን የተባለው ማንም አገር ስሙ እንዳይጠፋ ነው፤ ሰው ግን ፊደሉን ከነአገሩ ሸመደደው። ከኦሚክሮን በኋላ ደግሞ ሰዎች በየማኅበራዊ ሚዲያው ቅጽል ስም ያወጡ ጀመር። ኤክስቢቢ.1.5 የሚባለውን ክራከን አሉት፤ በተረት ያለ የባሕር አውሬ ነው። ወዳጄ እነዚህን ሁሉ ያውቃቸዋል። የትኛው ጉሮሮ እንደሚይዝ፣ የትኛው ትኩሳት እንደሚያመጣ ይተነትናል። እየሳለ። «ተመርምረሃል ወይ?» ስለው ተቀየመኝ። ማስክ ላቀብለው ስል ባሰበት። ያቺ ጥግ ላይ የነበረችው ሴት ግን ቦርሳዋን አንስታ ሹልክ ብላ ወጣች። ማን ከማን እንደሸሸ ይኸው ነው።

ሜይ 5፣ 2023 የዓለም ጤና ድርጅት አስቸኳይ ሁኔታው አብቅቷል አለ። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ታዘብኩ። ድንበር ይዘጋ ያለ ሰው የለም። አንድም። ሁሉም ከመጀመሪያው ተቃዋሚ ነበር። አንድ ዘመዴ በቀደም ጨዋታ መሐል፣ «እኔማ ያኔ ብቻዬን ነው የታገልኩት፤ ሰውን መዝጋት ነውር ነው ብዬ ጽፌያለሁ» አለ። እኔ የማስታውሰው «ከውጭ የመጣ ሁሉ ስሙና ሰፈሩ ይለጠፍልን» የሚለውን ጽሑፉን ነው። እቤት ገብቼ ገጹ ላይ ወደ ኋላ ወደ ኋላ ሄጄ ፈለግሁት። አጥፍቶታል። ከሥሩ «ትክክል ብለሃል!» ያሉት ሰዎች ግን ዛሬም ወዳጆቹ ናቸው፤ እነሱም ያኔ ብቻቸውን ሲታገሉ ነበር አሉ።